ሰባተኛ ተጠባባቂ

ባለፈው ሳምንት የአክስቴ ልጅ ደወለችልኝ። ሰላምታውን እንኳ በቅጡ ሳትጨርስ «ዝውውሩ አልተፈቀደልኝም፤ አልተከለከልሁምም» አለችኝ። ወዲያው ገባኝ። ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር ተጠባባቂ ሆናለች። ድምፅዋን ስሰማ የራሴን የድሮ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ፤ በ2009 ዓ.ም. ክረምት ምዕራብ ጎጃም፣ ጅጋ፣ ከቤታችን በር ላይ ቆሜ ስልኬን በሁለት እጄ እንደያዝሁ ያወጣሁትን ድምፅ። ያን ቀን ከስልኩ ማዶ የነበሩት የሬጅስትራር ሠራተኛ «ሰባተኛ ተጠባባቂ ነሽ» ብለውኝ ነበር። ስንት ቦታ እንዳለ ብጠይቃቸው «ቦታማ የለም፤ ሲገኝ ነው» አሉ።

ለአክስቴ ልጅ በስልክ ብዙ አልነገርኋትም። አለቀሰች፤ ዝም ብዬ ሰማኋት። በእንባ መካከል ምክር አይገባም። ያልነገርኋትን እዚህ እጽፈዋለሁ።

እኔ የተመደብሁበት ዩኒቨርሲቲ ከቤታችን የሁለት ቀን መንገድ ነበር። ከጅጋ ተነሥተን ደንበጫን፣ ደብረ ማርቆስንና ደጀንን እናልፋለን፤ የአባይን በረሃ እንወርዳለን፤ በጃፓን መንግሥት ድጋፍ የተሠራውን ድልድይ ተሻግረን ወደ ጎሐ ጽዮን ሽቅብ እንወጣለን። አዲስ አበባ ስንደርስ መሽቷል። እዚያ አድረን በማግስቱ ሌላ አውቶቡስ፣ ሌላ ሙሉ ቀን። ምደባው የትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ ተማሪው ምርጫውን በቅደም ተከተል ይሞላል፣ የቀረውን ውጤቱና የቦታው ብዛት ይወስናሉ። ነርሲንግ ደረሰኝ። ቦታው ራቀ እንጂ ትምህርቱ የልቤ ነበር።

ርቀቱን የማልችለው ያደረገው የእናቴ ልብ ነው። እናቴን በልጅነቷ ጉሮሮዋን ደጋግሞ ያማት ነበር አሉ። ዳማ ከሴ ጨምቀው አጠጧት፣ ተሻላት፤ ተረሳ። እንዲህ ዓይነቱ የጉሮሮ ሕመም በወጉ ሳይታከም ሲቀር፣ ሰውነት ባክቴሪያውን ሊወጋ ያሰለፈው ኃይል አንዳንድ ጊዜ ወደ ራሱ ልብ ይዞርና የልብን ቫልቮች ይጎዳል። ሩማቲክ የልብ ሕመም ይባላል። እኔ ይህን ያወቅሁት ክፍል ውስጥ ተቀምጬ ነው። መምህሩ ምልክቶቹን አንድ በአንድ ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ፣ ዳገት ስትወጣ ቆም ብላ የምትተነፍሰውን እናቴን የሚሥል መሰለኝ። ሕመሙ እንዳያገረሽ በየአራት ሳምንቱ ቤንዛቲን ፔኒሲሊን የሚባል መርፌ መወጋት አለባት። ሃያ ስምንት ቀን ተቆጥሮ አንድ መርፌ። አባቴ ካረፈ ቆይቷል፤ ቤት የቀረው ታናሽ ወንድሜ ያኔ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። እኔ በሌለሁበት ዓመት እናቴ ሁለት መርፌ ዘለለች፤ አንዱን አጨዳ ላይ ስለነበረች፣ ሌላውን ስለረሳችው። አልነገረችኝም። ክረምት ስመለስ የጤና ጣቢያ ካርዷን ገልብጬ ነው ያየሁት።

ስለዚህ ሁለተኛ ዓመቴን እንደጨረስሁ ዝውውር ጠየቅሁ። ጎጃም ውስጥ ደብረ ማርቆስ፣ እንጅባራና ባሕር ዳር ላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች አሉ። ያመለከትሁበትን ስም አልጠራም፤ ጉዳዩ የአንድ ተቋም ጉዳይ አይደለም። የማመልከቻ ደብዳቤ፣ የእናቴ የሐኪም ማስረጃ፣ ከቀበሌ የተጻፈ ደብዳቤ፣ የሁለት ዓመት ውጤቴ፤ ሁሉንም በአንድ ፕላስቲክ አቃፊ አድርጌ በሰኔ ዝናብ ወሰድሁ። ከአንድ ወር በላይ ቆይቶ ያ የስልክ መልስ መጣ።

ቦታ ለምን እንደሚጠፋ የገባኝ ዘግይቶ ነው። መማሪያ ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር መጨመር ቀላል ነው፤ እኔም «ለአንድ ሰው ቦታ ይጠፋል?» ብዬ ተናድጄ ነበር። ነርሲንግ ግን ሆስፒታል ውስጥ የሚማሩት ትምህርት ነው። ተማሪዎች በቡድን በቡድን እየሆኑ ማዋለጃ ክፍል፣ የሕፃናት ክፍል፣ የቀዶ ሕክምና ክፍል ይዞራሉ። በአንድ ታማሚ ራስጌ አሥር ተማሪ ቢቆም የሚማር የለም፤ ታማሚዋም ክብሯን ታጣለች። በዚያ ላይ ትምህርቱ በሞጁል፣ ማለትም ተዛማጅ ኮርሶች አንድ ላይ ተጠቃለው፣ የተደራጀ ስለነበር፣ የኮርሶቹ ስም አንድ ዓይነት ቢሆንም የሚሰጡበት ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ ዩኒቨርሲቲ ይለያያል። እኔ የጨረስሁትን እነሱ ገና አልጀመሩትም ይሆናል፤ እነሱ የጨረሱትን እኔ አልነካሁትም። ይህን ሳውቅ ንዴቴ ረገበ። ሰባተኛ የሆንሁት ማንም ስለናቀኝ አይደለም። አልጋው፣ መምህሩና ፕሮግራሙ ተቆጥረው ነው።

ንዴቱ ሲወጣ ግን በቦታው ሌላ ነገር ገባ። ያ የባሰ ነበር።

ወሩ ነሐሴ ነው፤ ጾመ ፍልሰታ። አገሩ ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ነው የሚውለው። ቅዳሴው የሚወጣው ከሰዓት በኋላ ነው፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ይጾማሉ። እናቴ ስለ ዝውውሬ ተስላለች፤ እኔንም «ለምኚ» ትለኛለች። ከሴቶቹ መካከል ነጠላዬን አጣፍቼ ቆሜ ስለምን፣ አንድ ቀን የምለምነውን ነገር ጆሮዬ ሰማው። የተጠባባቂ ቦታ ከሰማይ አይወርድም። ለእኔ ቦታ የሚከፈተው እዚያ ያለ አንድ ተማሪ ሲወጣ ነው። ተማሪ ደግሞ የሚወጣው ሲታመም ነው፤ ቤተሰቡ ሲቸገር ነው፤ ከሁሉ በላይ በውጤት ማነስ ሲሰናበት ነው። እኔ እመቤታችን ፊት ቆሜ የማላውቃት ልጅ እንድትወድቅ እየለመንሁ ነበር። ለዚያውም አንዲት አትበቃኝም፤ ሰባተኛ ነኝና ሰባት ሰው ያስፈልገኛል።

ጸሎቱን አቋረጥሁ። ለብዙ ቀናት ምንም አልለመንሁም። ይህን ነገር ተጠባባቂ የሆነ ሰው ሁሉ በልቡ የሚያልፍበት ይመስለኛል፤ የሚያወራው ግን አላጋጠመኝም። የአክስቴ ልጅም «ቢያንስ ሁለት ሰው እንደማይመዘገብ ሰምቻለሁ» ስትለኝ ድምፅዋ ውስጥ ደስታም ሐፍረትም ነበር። ያን ሐፍረት አውቀዋለሁ።

የእናቴ ታላቅ ወንድም የቅኔ መምህር ናቸው። እኛም እንደ ተማሪዎቻቸው «የኔታ» ነው የምንላቸው። ከፍልሰታው ሱባኤ ሲወጡ ቤታችን መጥተው ነበር። እናቴ ንፍሮ ልታቀርብ ጓዳ ስትገባ፣ ማንም ሳይጠይቀኝ የሆነውን ነገርኋቸው። «የኔታ፣ የሰው ውድቀት ነው የምለምነው» አልኋቸው።

ቆይተው «እኔ ዋሸራ ስገባ ጎጆ አልነበረኝም» አሉ።

ዋሸራ ከጎንጅና ከዋድላ ጋር ስማቸው ከሚነሣው ታላላቅ የቅኔ ቤቶች አንዱ ነው። የኔታ በዚያ ዘመን ደበሎ ለብሰው፣ አኮፋዳ አንግተው፣ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያሉ ከውሻ ጋር እየታገሉ የተማሩ ናቸው። በአብነት ትምህርት ቤት መሸኛ ደብዳቤ የለም። ተማሪው ቅኔውን ጎጃም ይቀጽላል፣ ድጓውን ጋይንት ቤተልሔም ይሄዳል፣ አቋቋሙን ጎንደር በዓታ ይማራል፤ በእግሩ ነው። እንደ ደረሰ መምህሩ የሚጠይቁት ምን ተምሮ እንደ መጣ ነው። እኔ ልጅ ሆኜ ይህን ስሰማ ነጻነታቸው ያስቀናኝ ነበር። የኔታ የነገሩኝ ግን እዚያም መጠበቅ እንደነበረ ነው።

«የደረስሁት በክረምት ነው። ጎጆ የሚሠራው በበጋ ነው፤ እንጨቱም ሣሩም ያኔ ነው የሚገኘው። አንድ የዳሞት ልጅ በጎጆው ጥግ አስጠጋኝ። እሱ ትምህርቱን ጨርሶ ሊያስመሰክር የተቃረበ ነበር። ‹እኔ ስሄድ ያንተ ናት› አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእሱን መሄድ እጠብቅ ጀመር። ማታ ሲያስል እንኳ ‹ታምሞ ወደ አገሩ ይሄድ ይሆን?› እላለሁ። ያን ክረምት ሁለት ቤት የሆነችው አጭሯ ቅኔ፣ ጉባኤ ቃና እንኳ አልሞላልህ አለችኝ።»

«ከዚያስ?» አልኋቸው።

«አንድ ማታ ሁሉን ነገርሁት፤ አንቺ እንደ ነገርሽኝ። ሳቀ። ‹እኔም እኮ ይህችን ጎጆ ያገኘኋት ከአንድ የአገው ልጅ ነው፤ መሄዱን ቀን እቆጥር ነበር› አለኝ። ‹ጎጆዋ ለማናችንም አልተሠራችም። አንተ መውጣቴን ልመን፤ መውደቄን ግን አትለምን። እኔ አስመስክሬ ብወጣም ጎጆዋ ባዶ ትሆናለች።›»

ከዚያ በኋላ ጸሎቴን መለስሁ። ከፊቴ ያሉት ስድስቱ መልካም ነገር እንዲያገኙ ለመንሁ፤ እዚያ ያሉት ደግሞ የሚወጡ ከሆነ በደስታ እንዲወጡ። ትንሽ ለውጥ ትመስላለች። ለእኔ ግን እንቅልፌን መለሰችልኝ።

ክረምቱ በበርበሬ አለፈ። የጅጋ፣ የፍኖተ ሰላምና የቡሬ ሰው በርበሬን ያውቃል፤ ችግኙን መደብ ላይ ያፈሉታል፣ ከዚያ ወደ ማሳው ያዛምቱታል፤ ቀሪው ክረምት አረምና ኩትኳቶ ነው። ጎንበስ ብዬ ስኮተኩት ስልኬን ቤት ትቼ እሄድ ነበር። መጀመሪያ ሰሞን ኪሴ ውስጥ ሆኖ በጭቃ እጄ በየሰዓቱ አየው ነበርና ማያው ጭቃ ለበሰ። ከቤት መተው የጀመርሁት በዚህ ምክንያት ነው፤ በኋላ ግን ሆነ ብዬ አደረግሁት።

ጥቅምት ላይ ወደ ሩቁ ዩኒቨርሲቲ ተመለስሁ። ቁጥሬ አምስት ደርሷል። የተሳሳትሁት ያኔ ነው፤ ለአክስቴ ልጅ በጣም የምፈራላትም ይህን ነው። ሻንጣዬን ሳልፈታ ኖርሁ። ልብሴን ከሻንጣው እያወጣሁ እለብሳለሁ፣ አጥቤ ወደ ሻንጣው እመልሳለሁ። የጥናት ቡድን ሲመሠረት «እኔ ልሄድ ነው» ብዬ ቀረሁ። የክፍል ጓደኞቼ ቡና ሲያፈሉ እጠራለሁ፤ አልሄድም። አዲስ ደብተር እንኳ አልገዛሁም፤ የአምናውን ደብተር በጀርባው ጻፍሁበት። በሁለት ወር ውስጥ የሁለት ኮርስ ውጤቴ ወረደ። ውጤት የሌለው ተጠባባቂ ደግሞ ተራው ቢደርስም ተቀባዩ የትምህርት ክፍል ወደ ኋላ ሊመልሰው ይችላል። ልሄድበት በጓጓሁበት መንገድ ላይ እኔው እንቅፋት አስቀመጥሁ።

ከዚህ ያወጡኝ አንዲት አሮጊት ናቸው። የሕክምና ልምምድ ላይ ነበርን፤ እኔ የስኳር ሕመም እግራቸውን ያቆሰላቸው አንዲት እናት ደረሱኝ። ቁስላቸውን አጥቤ ስጨርስ በተሰባበረ አማርኛ «ነገ አንቺ ትመጫለሽ?» አሉኝ። መልሱ ለመውጣት ዘገየ። ለወራት ሰው ሁሉ ስለ ነገ ሲጠይቀኝ «እንጃ፣ ምናልባት አልኖርም» ነበር የምለው። የሳቸውን ዐይን አይቼ ይህን ማለት አልቻልሁም። «እመጣለሁ» አልኋቸው። በማግስቱ ሄድሁ፤ ጠብቀውኝ ነበር። የዚያን ዕለት ማታ ሻንጣዬን ፈታሁ። ልብሶቼን ቁም ሳጥን ውስጥ ስደረድር የመኝታ ክፍል ጓደኛዬ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ ታየኛለች። ምንም አላለችም፤ ተነሥታ ግማሽ መደርደሪያዋን ለቀቀችልኝ።

መጠበቁን ግን አልተውሁትም። ሥርዓት አበጀሁለት እንጂ። ወደ ሬጅስትራሩ ስልክ የምደውለው በየሁለት ሳምንቱ ዓርብ ጠዋት ብቻ ሆነ። «ምን አዲስ ነገር አለ?» ማለት ተውሁ፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ «የለም» ብቻ ነው የሚያስገኘው። ከእኔ ፊት ስንት ሰው ቀርቷል? የትምህርት ክፍሉ ጉዳዩን የሚያየው መቼ ነው? ከእኔ የጎደለ ወረቀት አለ? እነዚህን ሦስቱን እጠይቃለሁ፤ መልሱን ከነቀኑ እጽፋለሁ። ሠራተኛዋ ቆይተው ድምፄን ለመዱት፤ «እመት ዓርብ» ይሉኝ ጀመር። በአንደኛው ዓርብ የኮርሶቼ ዝርዝር ይዘት ማኅተም ያለበት ሆኖ እንደሚያስፈልግ ነገሩኝ። ይህን ቀድሜ ባላወቅ ኖሮ ተራው በደረሰ ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከየመምህሩ መሰብሰብ ነበረብኝ። እህቴ ሆይ፣ ይህን አሁኑኑ አሰብስቢ። የወጪ መጋራት ውልሽንም ቅጂ ያዢ፤ አብሮሽ ይሄዳል። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተቀባዩ ዩኒቨርሲቲ የመቀበያ ደብዳቤ በእጅሽ ሳይገባ ካለሽበት መሸኛና ክሊራንስ እንዳትወስጂ። በቃል ተስፋ ተነሥታ ከሁለቱም ሳትሆን አንድ ዓመት ቤቷ የተቀመጠች ልጅ አውቃለሁ።

አንድ ሌላ ነገር አደረግሁ፤ ከወረቀቱ ሁሉ የበለጠ የረዳኝ እሱ ነው። ዝውውሩን የጠየቅሁት ለእናቴ መርፌ ነበር፤ ታዲያ ዝውውሩ እስኪመጣ መርፌው መጠበቅ የለበትም። ለወንድሜ ደውዬ ሃያ ስምንቱን ቀን አስረዳሁት። ከምድጃው አጠገብ ባለው ግድግዳ ላይ በከሰል መሥመር ማስመር ጀመረ፤ በየማታው አንድ። ሃያ ስምንት ሲሞላ እናታችንን ይዞ ጤና ጣቢያ ይሄዳል፤ ካርዱን ራሱ ያስሞላል፤ ከዚያ ግድግዳውን በእበት ለቅልቆ እንደገና ይጀምራል። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነበር። በስልክ «ዛሬ አሥራ ዘጠኝ ነን» ሲለኝ እንባዬ ይመጣ ነበር።

በ2010 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹ ወራት በአገሪቱ በርካታ ዩኒቨርሲቲዎች ውስጥ ግጭት ተነሣ። እኔ ያለሁበት ሰላም ነበር። ከሌላ ቦታ ግን ተማሪዎች ልብሳቸውን እንኳ ሳይዙ ወደየቤታቸው ተመለሱ። በአንዱ ዓርብ ሠራተኛዋ ቶሎ አልመለሱልኝም፤ ከበስተጀርባቸው የወላጆች ድምፅ ይሰማል። «ዝርዝሩ ረዝሟል፤ አንቺ ግን ቦታሽን ይዘሻል» አሉኝ። ያ አነጋገር ሊያስደስተኝ ይገባ ነበር።

ሰኔ ላይ ሁለተኛ ሆንሁ። የቀረኝ አንድ ዓመት ነው። የኮርሶቼን ዝርዝር ከተቀባዩ ፕሮግራም ጋር ስናስተያይ፣ ብዛወር ሁለት ሞጁል ወደ ኋላ ተመልሼ መማር እንዳለብኝ ታወቀ፤ ምረቃዬ ሊዘገይ ነው። በሌላ በኩል የእናቴን ካርድ ሳይ ከኅዳር ወዲህ አንድም የተዘለለ ቀን የለም። ለራሴ ቀደም ብዬ የቆረጥሁት ቀን ነበር፤ ሐምሌ 30። ከዚያ በኋላ ወይ እሄዳለሁ ወይ መጠበቁን አቆማለሁ ብዬ ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ። ቀኑ ሲቃረብ ለእናቴ ነገርኋት። ሽሮ እያማሰለች ነበር። «ወንድምሽ ይቆጥራል» ብቻ አለችኝ። ለረጅም ጊዜ ስሜን ከዝርዝሩ ማስወጣት በእሷ ላይ መጨከን ይመስለኝ ነበር፤ ለካ እሷ ከእኔ ቀድማ ጨርሳዋለች።

ሐምሌ 27 ቀን በጠዋቱ ቢሮ ሄድሁ። ሠራተኛዋን በአካል ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነው፤ መነጽር ያደረጉ፣ ከድምፃቸው ይልቅ በዕድሜ የገፉ ሴት ናቸው። ስሜን ስነግራቸው «እመት ዓርብ!» ብለው ተነሥተው ሳሙኝ። የመጣሁበትን ሲሰሙ ዝም አሉ። «ሁለተኛ እኮ ነሽ፤ በደንብ አስበሽዋል?» ብለው ጠየቁኝ። አስቤዋለሁ አልኋቸው። አጭር ማመልከቻ ጻፍሁ፣ ፈረምሁ። ከመሳቢያው መዝገቡን አወጡ፤ ማስመሪያ ስሜ ላይ አድርገው በቀይ ስክሪብቶ አሰመሩ።

ከሥሬ ያለውን ስም አየሁት። የሴት ልጅ ስም ነው። ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ እንደ መጣች በትይዩው ተጽፏል፤ በዚያ ዓመት ስሙ በራዲዮ ደጋግሞ ሲጠራ የሰማሁት ነው። ሠራተኛዋ መዝገቡን ሳይዘጉ ስልካቸውን አንሥተው ቁጥሯን ይፈልጉ ጀመር። የዳሞቱን ልጅ አሰብሁ። ልጅቷ ስታነሣ ድምፅዋን መስማት ፈልጌ ነበር፤ ግን ለእኔ የሚገባ አልመሰለኝም፤ ተሰናብቼ ወጣሁ።

የጅጋ መኪና ሰው ሞልታ ልትነሣ ነበር፤ ሮጬ ደረስሁባት። ቤት ስገባ ግድግዳው ላይ ሃያ ሰባት መሥመር ነበረ። ወንድሜ ከሰሉን ይዞ ይጠብቀኝ ነበር፤ «የዛሬውን አንቺ አስምሪ» አለኝ።